መርዶና ሞንታርቦ

ባለፈው ሰሞን አንድ የቢሮ ልጅ ቤቴ ድረስ መጥቶ «አባባ፣ ሥልጠና ስላለን በክብር እንግድነት ይገኙልን» አለኝ። ጂንካ ውስጥ ስለ ሠራተኛ አስተዳደር ሲነሳ ሰው እኔን ማስታወሱ አይገርመኝም፤ ቢረሱኝ ነበር የሚገርመኝ። ሙሉ ልብሴን ለብሼ ሄድኩ፤ ከፊተኛው ወንበር አስቀመጡኝ። ከፊታችን የተሰቀለው ጨርቅ «የሰው ሀብት አስተዳደርና የሕዝብ ግንኙነት ቅንጅታዊ አሠራር» ይላል። አሠልጣኙ ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅ ነው። ግድግዳው ላይ በመብራት ሁለት ክብ አሳየን። በአንዱ ውስጥ «የሰው ሀብት»፣ በሌላው ውስጥ «ሕዝብ ግንኙነት» ተብሎ ተጽፏል፤ መካከላቸው ላይ በሁለቱም ጫፍ የሾለ ቀስት አለ። «እነዚህ ሁለቱ ካልተናበቡ ድርጅቱ በውስጥ የሚሠራውና በውጭ የሚናገረው አይገጥምም» አለ። ልክ ነው፤ ልጁ ጎበዝ ነው። ነገር ግን ያንን ቀስት እኔ በእግሬ የሄድኩበት ሰው ነኝ። እሱ ሲናገር ከውጭ አንድ ዕቃ የሚያስተዋውቅ መኪና በድምፅ ማጉያ እየጮኸ አለፈ፤ ያን ጊዜ ሰውነቴ እዚያው ወንበር ላይ ቀርቶ ልቤ ከአዳራሹ ወጣ።

የያኔዋን ጂንካ ያላየ ሰው ከተማ አይቻለሁ አይበል። የአውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሀል ነበር፤ ሣር የበቀለበት ሜዳ ነው፣ አጥርም የለው። ጠዋት ፍየል ይግጥበታል፣ ከሰዓት ኳስ ይጫወቱበታል፤ አውሮፕላን የሚመጣ ቀን ጥሩምባ ሲነፋ ፍየሉም ኳሱም ዳር ይወጣል። ከሜዳው ጫፍ፣ ትልቁ ዋርካ ካለበት ማዕዘን ላይ፣ አንድ ሻይ ቤት ነበር። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም፣ ዳቦ በአሥር ሳንቲም፤ ካልተሳሳትኩ ነው፣ እኔ ደግሞ ብዙ አልሳሳትም። ሙዝ የሚገዛ ሰው ፍሬ ቆጥሮ አይገዛም፤ ዘለላውን ይዞ ነው የሚሄደው። ከሻይ ቤቱ አጠገብ የካሴት ሱቅ አለ። ባለቤቱ ጠዋት አንድ ካሴት ከከተተ እስከ ማታ ያንኑ ነው የሚያገላብጠው፤ ስለዚህ የጂንካ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉም አንድ ዘፈን ያንጎራጉር ነበር፤ ፖሊሱም፣ ነጋዴውም፣ የመካነ ኢየሱስ ዘማሪዎቹም ሳይቀሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። በረንዳው ላይ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነበር። የእኔን ካኪ ሳፋሪ የሰፋው እሱ ነው፤ አራት ኪስ፣ ከኋላ ቀበቶ ያለው። ያንን ለብሼ በዋናው መንገድ ሳልፍ ሰው ተነሥቶ ሰላም ይለኝ ነበር። ዛሬ አስፋልት ነው፣ ባጃጅ ነው፤ የአውሮፕላኑም ሜዳ ሌላ ቦታ ሄዷል። ለውጡን አልጠላም። ሰው ግን ተነሥቶ ሰላም አይልም፤ ስልኩን ነው የሚያየው።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት በመስኮት በኩል ነው ማለት ይቻላል። አያቴ ከሰሜን የመጣ ወታደር ነበር፤ አባቴ በሬ አራጅ፣ ለልጅ ትምህርት የሚተርፍ ነገር አልነበረውም። ፊደል የለየሁት ስኳር በሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ሒሳብ የተማርኩት በሬ ሲመዘን እያየሁ፣ የእጅ ጽሑፌን ያሳመርኩት የሱቅ ስም በቀለም እየጻፍኩ ነው፤ ያን ዘመን ጂንካ ውስጥ የነበሩትን ታፔላዎች ግማሹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የአካባቢውን ቋንቋ፣ አሪኛን፣ እንደ አፍ መፍቻዬ እናገራለሁ፤ በናኛና ሐመርኛ ደግሞ ሰው ሳይስቅብኝ እናገራለሁ። ስለዚህ መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ ሰዉ ገና አዲሱን ነገር እየለመደ ሳለ፣ አንድ የጥጥ እርሻ ኩባንያ ቆላ ወርዶ ኦሞ ዳር መሬት ሲይዝና ጂንካ ላይ ቢሮ ሲከፍት፣ ዲግሪ ያላቸው ሁለት ሰዎች ተቀምጠው የፐርሶኔል ኃላፊነቱን ለእኔ ሰጡኝ። ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ዝምተኛና ትክክለኛ ሰው ነበር። «ዲግሪ ይዞ ሰው የማያውቅ አለኝ፤ አሁን የምፈልገው ሰው የሚያውቅ ነው» ነበር ያለኝ። ደብዳቤ ሲጻፍ የሚያርሙልኝ ነበሩ፤ በሰው ጉዳይ ግን የሚያርመኝ አልነበረም።

የሠራተኛው አመዘጋገብ ነው ነገሩን ሁሉ ያመጣው። ኩባንያው ሥራ ሲጀምር፣ እኔ ገና ሳልቀጠር፣ ሠራተኛ የሚለቅመው ካቦ ነበር። ካቦ ማለት የቀን ሠራተኛ አሰላፊ ነው። ይህ ሰው መኪናው ላይ ቆሞ የወጣቱን ስም ይጠይቃል። ልጁ የአሪ ስሙን ይነግረዋል። ካቦው ስሙን ለመያዝ አይሞክርም፤ «አንተ ከዛሬ ጀምሮ በቀለ ነህ፣ አንተ ታደሰ፣ አንተ ተስፋዬ» እያለ ይጭናቸዋል። ክፋት አልነበረበትም፤ አስተማሪዎችም በየትምህርት ቤቱ እንደዚያው ያደርጉ ነበር። ልጆቹም አልተቆጡም። ቆላ ሲወርዱ በዚያ ስም ይጠራሩ ጀመር፤ ከጎፋና ከወላይታ ከመጡት ጓደኞቻቸው ጋር የተዋወቁት በዚያ ስም ነው። መንደር ሲመለሱ ደግሞ የድሮ ስማቸው ደጃፍ ላይ ይጠብቃቸዋል። እኔ ስቀጠር ይህን አየሁና እያንዳንዱን ለብቻው እየጠራሁ «እናትህ ምን ብላ ነው የምትጠራህ?» ብዬ ጠየቅሁ። አልጻፍኩትም፤ የሚጻፍበትም ቦታ አልነበረም። በራሴ ውስጥ ያዝኩት። ጭንቅላቴ ያኔ እንደዚያ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ብዙም አልደከመም።

በኋላ ኩባንያው የሕዝብ ግንኙነት የሚባል ክፍል አቋቋመ። የመጣችው ሰናይት የምትባል የአርባ ምንጭ ልጅ ናት። ጂንካ ገበያ ውስጥ ጂንስ ሱሪ ለብሳ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሳትሆን አትቀርም፤ አሮጊቶች እየተከተሉ ጨርቁን ይዳስሱት ነበር፣ እሷም ቆማ ታስዳስሳቸዋለች። ከእሷ ጋር አንድ ሞንታርቦ መጣ፤ ላንድክሩዘሩ ጣሪያ ላይ የሚታሰር ትልቅ ድምፅ ማጉያ ነው። «ኩባንያው ለአካባቢው ሕዝብ የሥራ ዕድል ከፍቷል» እያለች ስታውጅ ሰዉ እኔ ቢሮ ድረስ ይሰለፋል፤ እኔ ደግሞ ክፍት ቦታ የለኝም። ስለዚህ መጀመሪያ አልተስማማንም። «አንቺ ጠርተሽ ትሄጃለሽ፣ የምመልሰው እኔ ነኝ» እላታለሁ። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ለመሥሪያ ቤቱ ቁልፍ ነዎት፤ ግን በር አይከፍቱም» ትለኛለች። ምላሷ እንዲህ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንን አንድ ክፍል ውስጥ ያስቀመጠን እንድንስማማ ይሁን እንድንዳከም፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አንድ ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የመገናኛው ራዲዮ ከእርሻው ጠራን። ኦሞ ሞልቶ ያመጣው ግንድ የውሃ መሳቢያውን ፓምፕ አፍ ዘግቶት ነበር፤ ግንዱን ሊያነሣ የገባ ሠራተኛ ውሃ ወስዶታል። ጓደኞቹ ሬሳውን አውጥተዋል። «ስሙ ማን ነው?» አልኩ። «ታደሰ» አለ የራዲዮው ሰው። ፓምፑ ዘንድ ሦስት ታደሰ ነበር። «የትኛው?» ስለው «ታደሰ ነው የምልዎት» አለ። «ሲሠራ የሚያፏጨው ነው?» አልኩት። ራዲዮው ጥቂት ጊዜ ሲንሿሿ ቆየና «አዎ ጋሼ፣ እሱ ነው» አለኝ። ተቀመጥኩ። ከጂንካ በላይ ካለው የአሪ መንደር ነው፤ አይኬ ነው ስሙ፤ እናቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎደሬ ይዛ ገበያ የምትመጣ ሴት ናት። አባት የለውም። ሌላ ወንድ ልጅም የላትም።

ሥራ አስኪያጁ በቆላው ሙቀት ምክንያት እዚያው ይቀበር የሚል ሐሳብ ነበረው። «እናቱ ሳታየው አይቀበርም» አልኩ። ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም። ጥጥ የጫነው መኪና በሌሊቱ ቅዝቃዜ ተነሥቶ ሬሳውን እንዲያመጣ በራዲዮ ታዘዘ። ይህ ካለቀ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንን ጠርቶ፣ «ከቀይ አፈር ከተማ የመጣ ሾፌር አሥር ሰው ሞቷል ብሎ ሻይ ቤት እያወራ ነው። ነገ ገበያ ነው። ኩባንያው ዝም አለ መባል የለበትም። ሁለታችሁ ተስማሙና አንድ ነገር ይዛችሁልኝ ኑ» አለን።

ሰናይት ወደ ክፍላችን ስንመለስ ብዕሯን አወጣች።

«ጋሼ፣ ነገ በሦስት ሰዓት ሞንታርቦውን ይዤ ገበያ እገባለሁ። ስሙን ብቻ ያረጋግጡልኝ። ታደሰ የማን ልጅ ነው?»

«ታደሰ የማንም ልጅ አይደለም።»

«እንዴት?»

«የካቦው ልጅ ነው። መኪና ላይ ቆሞ የወለደው እሱ ነው።»

«ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ አይቀልዱብኝ።»

«አልቀለድኩም። ታደሰ ሞተ ብለሽ ብታውጂ እናቱ አጠገብሽ ቆማ ጎደሬዋን ትሸጣለች። የሰው ልጅ ሞተ ብላ ከንፈሯን ትመጥጣለች። ማታ ነው የራሷ መሆኑን የምትሰማው።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «ታዲያ እውነተኛ ስሙን እንጥራ» አለች።

«አይኬ ብለሽ በሞንታርቦ? እናት መርዶዋን በገበያ፣ ከመኪና ጣሪያ ላይ ትስማ? መርዶ በማለዳ ነው፣ በቤቷ ነው፣ ዘመድና ጎረቤት ከበዋት ነው። አንቺ ነገ ዝም ብትዪ ነው የሚሻለው።»

«ዝም ካልኩ አሥር ሰው ሞተ የሚለው ወሬ ዝም አይልም። እርስዎ የያዙት የአንዲት እናት ነገር ነው፤ ልክ ነዎት፣ አልከራከርም። እኔ ግን ያችን ገበያ አውቃታለሁ። ልጇን ቆላ የላከች ሁሉ ነገ እዚያ አለች። ከእነሱ ውስጥ የቷ ናት የማታለቅሰው?»

ተነሥቼ የአውሮፕላኑን ሜዳ በመስኮት አየሁ፤ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ሰናይት ናት ቀጥላ የተናገረችው። «የሞተውን አንጠራም፤ የእሱን ለእናቱ እርስዎ ይነግሯታል። እኔ በሕይወት ያሉትን ልጥራ። እናቶቻቸው በሚያውቁት ስም።» ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን እሷ ናት። የእኔ ድርሻ ስሞቹ ነበሩ፤ ያ ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም ያልነበረው ነገር ነው። እስኪመሽ ድረስ ነገርኳት። ሰናይት አሪኛ አታውቅም፤ ስሙን በአማርኛ አፍ ስትለው ይጎብጣል፣ መልሳ ታቃናዋለች። «ይንቲሶ» ትላለች፣ «አይደለም፣ እናቱ እንደዚያ አትለውም» እላታለሁ፤ ደግማ ትላለች። ስንለያይ «እኔ ለእናቱ ነግሬ ሰው ሳልልክልሽ አፍሽን እንዳትከፍቺ» አልኳት።

«ማኔጀሩ ቢቆጣስ?»

«ይቆጣ።»

«ባትሪው ሞቷል እለዋለሁ» አለች። ልትስቅ ፈልጋ አልቻለችም።

በነጋታው ወፍ ሲንጫጫ ከአይኬ አጎትና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር እናትየው ደጃፍ ደረስን። አጎትየውን ቀድሜ ሄጄ ነግሬው ነበር፤ ፊቱን ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ነው የመጣው። ሁሉን እንደ ወጉ አድርገን ነበር፤ ያልተሳካልን አንድ ነገር ብቻ ነው። በሩ ከውጭ በልጥ ታስሯል። ጎረቤት ያለች ሴት ከአጥሯ በላይ ብቅ አለችና «ወርዳለች። ቅዳሜ እኮ ነው» አለችን። እኛ አራት ትልልቅ ወንዶች መርዶ በማለዳ ይነገራል ብለን በማለዳ ስንመጣ፣ ጎደሬ የምትሸጥ ሴት ደግሞ ጥሩ ቦታ ለመያዝ ከማለዳ በፊት እንደምትነሣ አላሰብንም። ከመካከላችን ሴት ብትኖር ኖሮ ታስበው ነበር። ሽማግሌዎቹን ጎረቤት እንዲሰበስቡ ትቼ ከአጎትየው ጋር ቁልቁለቱን ወረድኩ። ሠላሳ ዓመት ያልሮጠ እግር ነው፤ ግን ወረድኩ።

ነሪ ወንዝ ላይ ደረስንባት። ከመንደር የሚመጡ ሴቶች ከተማ ከመግባታቸው በፊት እዚያ ሸክማቸውን አውርደው እግራቸውን ይታጠባሉ። ያን ጊዜ ኮንጎ ጫማ፣ ያ የላስቲኩ፣ በእጃቸው ይዘው ይመጡና ከወንዙ ወዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ለከተማ እንጂ ለመንገድ አይደለም። አይኬ ከቆላ የላከላት ሰማያዊ ኮንጎ ከጎኗ ድንጋይ ላይ ነበር። የምናወራው ሁላችንም በአሪኛ ነው።

አንዷ ሴት ካኪዬን አይታ «ኧረ እዩ! የኩባንያው ጋሼ ጎደሬ ሊገዛ ወንዝ ድረስ ወረደ!» አለች። «ምነው፣ ሚስቱ አባርራው ይሆናል እንጂ!» አለች ሌላዋ። ሁሉም ሳቁ። የአይኬ እናትም ሳቀች።

አጎትየው «እቴ፣ ወደ ቤት ተመለሽ። እንግዳ መጥቷል» አላት።

«ማን ነው የመጣው?»

«ከሩቅ ነው።»

«ከሩቅ ከመጣ አርፎ ይጠብቀኛ። እሸጥና እመጣለሁ።»

«አይሆንም፣ አሁን ነው።»

ቀና ብላ አየችው፤ አጎትየው ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። ከዚያ እኔን አየች። እኔ ብዙ ሰው ፊት ቆሜ አውቃለሁ፤ ባለሥልጣን ፊት፣ ያመፀ ሠራተኛ ፊት። እንደዚያች ሴት ዓይን ግን የከበደኝ የለም። እግሯን ከውሃው አወጣች፤ ኮንጎውን አላደረገችም፣ በእጇ ያዘችው። ሸክሟን ልታነሣ ስትጎነበስ ቀደምኳትና የጎደሬውን ጆንያ በራሴ ጀርባ አደረግሁት። የካኪ ሳፋሪ የለበሰ የፐርሶኔል ኃላፊ ጎደሬ ተሸክሞ ሽቅብ ሲወጣ ሴቶቹ መሳቅ ይችሉ ነበር፤ አንዲትም አልሳቀች። ያን ሁሉ ዳገት ስንወጣ አጎትየውም እኔም አንድ ቃል አልነገርናትም፤ በመንገድ አይነገርማ። እሷም የተነገራት ያህል ነበር የምትራመደው።

ደጃፏ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ተቀምጧል። መሀል አስቀመጧት፤ ሁለት ሴቶች ከግራና ከቀኝ ተጠጓት። ትልቁ ሽማግሌ «አይኬን ውሃ ወስዶታል። ልጅሽ የለም» አላት። ዋይታው ከየአቅጣጫው ተነሣ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም። እጇን አነሣችና ዝም አሰኘቻቸው።

«ማን አየው?» አለችኝ።

«ጓደኞቹ ናቸው ያወጡት።»

«እዚያ ስንት ልጅ ነው ያለው? ሰው ይሳሳታል። የከተማ ሰው ልጆቻችንን አይለይም።»

እኔ ልጅሽን እለየዋለሁ ልላት ፈለግሁ። ሲያፏጭ አውቀዋለሁ፣ ሲስቅ አውቀዋለሁ። ይህን በመናገር ፈንታ ከጎረቤቶቹ አንዱን ወደ ሰናይት ላክሁት፤ ተነግሯታል፣ ጀምሪ በላት ብዬ። እናትየው እንደዚያው ተቀምጣ ቀረች፣ ኮንጎው ጭኗ ላይ እንዳለ።

ነፋሱ ወደ ላይ ሲነፍስ የጂንካ ድምፅ እዚያ መንደር ድረስ ይሰማል። ፀሐይ ሞቅ ሲል የሞንታርቦው ድምፅ መጣ። የሰናይት ድምፅ ነው። ቆላ ያሉት ልጆች ደህና መሆናቸውን ተናገረችና ስም መጥራት ጀመረች። «ይንቲሶ…» አለች፤ ልክ እናቱ እንደምትለው አድርጋ። ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ፣ የይንቲሶ እናት፣ አፏን በሁለት እጇ ከደነች። ቀጠለች ሰናይት፤ ሌላ ስም፣ ሌላ ስም። ልጇ የተጠራላት እናት ሁሉ አፏን ትይዛለች፤ አንዲትም እልል አላለችም፣ አንዲትም ተመስገን አላለችም። በአይኬ እናት ፊት ደስታቸውን ላለማሳየት እንዲህ ሲታገሉ ያየሁትን ያህል ክብር ያለው ነገር በሕይወቴ አላየሁም። እናትየው አንገቷን ወደ ከተማው አዘንብላ እያንዳንዱን ስም ትሰማለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ምናልባት ቀጥሎ የሚመጣውን እየጠበቀች ነው። ስሞቹ አለቁ። ሰናይት ያልተነጋገርንበትን ነገር፣ ከራሷ ጨመረች፦ «ያልጠራሁት አንድ ስም አለ። እሱን እናቱ ቤት ሄዳችሁ አልቅሱለት።» ያን ጊዜ ነው የአይኬ እናት የጮኸችው።

ከዚያ በኋላ ገበያው ወደ መንደሩ ወጣ ብል ማጋነን አይደለም። ጎደሬውን፣ ቆጮውን፣ ሸክላውን እንደያዘ ነው ሰዉ የመጣው። በኩባንያው መኪና ላይ የተወረወረ ድንጋይ አልነበረም፤ ስለ አሥር ሰው ያወራም አልነበረም። ዛሬ መርዶ በስልክ ስክሪን ላይ ከፎቶ ጋር ይደርሳል፤ ሰው ታክሲ ውስጥ ሆኖ ነው የእናቱን ሞት የሚያነበው። ያንን ሳይ ያቺ ቀን ትታየኛለች። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ኩባንያው ሠራተኛ ሲቀጥር እናቱ በምትጠራው ስም ነው የመዘገበው። እኔ በሠራተኛው ጉዳይ ላይ ሰናይትን ሳላማክር፣ እሷም አንድ ቃል ከማወጇ በፊት እኔን ሳትጠይቅ ውለን አናውቅም። ሥልጠና የሰጠን ሰው አልነበረም።

በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥጥ የጫነው መኪና መንገዱ እስከሚያልቅበት ድረስ መጣ። ሬሳውን በሸክም አወጡት። የተሸከሙት አብረውት የሚሠሩት ልጆች ናቸው፤ ከጎፋ፣ ከወላይታ የመጡ፤ ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ አለ፣ ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦትና በልቅሶ ቀልቷል። ሰናይትም ከኋላቸው መጣች፤ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። ሣጥኑን ከቤቱ ፊት አስቀመጡት። ልጆቹ ከግንድ ሳንቃ ራሳቸው የሠሩት ነው፤ ክዳኑ ላይ የጥጥ ጆንያ በሚለይበት ቀይ ቀለም «ታደሰ» ብለው ጽፈዋል።

ይህን ሳይ ከኪሴ ሴንጢ አወጣሁና ተንበርክኬ ፊደሉን መፋቅ ጀመርኩ።

«ምን እያደረገ ነው?» አለች እናትየው።

«የተጻፈው ስም የእሱ አይደለም፤ ላጠፋው ነው» አልኳት።

«ምን ይላል?»

«ታደሰ።»

ቃሉን በአፏ ሞከረችው። «ማን ጻፈው?»

ነገሩን ለልጆቹ በአማርኛ ነገርኳቸው። ከመካከላቸው አንዱ፣ ቁመተ ረጅም የጎፋ ልጅ፣ አንገቱን ደፋ። «እኛ ነን እማማ። እኛ ሌላ ስሙን አናውቅም ነበር። ታደሰ፣ ታደሰ እያልን ነው ውሃው ውስጥ የፈለግነው» አለ። ተረጎምኩላት።

«ያወጡት እነዚህ ናቸው?»

«እነሱ ናቸው።»

ከመሬት ተነሥታ መጣችና ሴንጢውን የያዘውን እጄን ያዘችኝ። «ተወው፣ አታጥፋው» አለች። «በዚያ ስም ነው የፈለጉልኝ። የእኔንም ጨምርበት።»

ልጆቹ የቀለሙን ቆርቆሮ ከመኪናው ይዘውት መጥተው ነበር፤ ሰናይት ተንበርክካ ያዘችልኝ። ያን ሁሉ ታፔላ በጻፈው እጄ አሳምሬ ጻፍኩት። ከታደሰ ሥር፣ «አይኬ»። እናትየው አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሁለቱን ስሞች አንድ በአንድ አየቻቸው።

«የእኔ የትኛው ነው?» አለች።

ጣቷን ይዤ አስነካኋት። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር።